ብናኝ የዋጠ ቀለም

ዳኛው በአሮጌ መኪናቸው የፊት ወንበር ላይ፣ አናታቸው ከኋላ ተፈንክቶ፣ መሪውን እንዳቀፉ ሞተው ተገኙ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያቺን መኪና ሲያሳድሱ ነው የኖሩት። ሞተሯ ተሠርቷል፣ ላሜራዋ ተቃንቷል፤ የቀረው የውስጧ ቀለምና የወንበሯ ልብስ ብቻ ነበር። በዚህ «ብቻ» የተነሣው ጠብ ግን ሁለት መንግሥታትን ጦር ያማዝዛል።

ጋራዡ ከመኖሪያ ቤታቸው ጓሮ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ሳጅኑም ወንበር አልባሹን ሽማግሌ በካቴና ጠፍሮ ጨርሷል። የዳኛው ልጅ ከበሩ ቆማ፣ «ስቀሉልኝ!» እያለች ትጮሃለች። ጩኸቷ መስታወት ሳይሰነጥቅ የቀረው መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ ነው።

መርማሪዋን አገሩ ሁሉ «ወስፌ» ይላታል። እንኳን ሰው የገደለ፣ ትንኝ የገደለ አምልጧት አያውቅም።

«አልቋል፣ አለቃ፣» አለ ሳጅኑ ደረቱን ነፍቶ። «መዶሻው የሱ ነው፤ ደም አለበት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሲጮህባቸው ልጃቸው ሰምታለች።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ? ላጨበጭብልህ?»

ሳጅኑ እንደ ተበሳ ጎማ ተነፈሰ።

ወስፌ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጮኸዋል?»

«ጮኼአለሁ!» ሽማግሌው ካቴናውን አንቋቋ። «ዳኛው ሟች ባለቤታቸው በሠርጋቸው ቀን ሲቀመጡባት የነበራትን የውስጧን ቀለም ነበር የሚፈልጉት። እኔ አረንጓዴ ነው እላለሁ፣ ያ ለቅላቂ ቀለም ቀቢ ቀይ ነው ይላል። ከመኪናዋ ላይ ልብሱም ቀለሙም ስንቴ ተለዋውጧል! እሳቸውም እሱን አምነው ‹አንተ ጃጅተሃል› ሲሉኝ ከረሙ። ትናንት ንዴቴ ሲብስ ‹እንግዲያው ቀደህ አሳየኝ› አሉኝ። የኋላውን ወንበር ቀደድኩት። ፀሐይ ያልነካው እጥፋት ሥር፣ እንደ ጎመን የለመለመ አረንጓዴ! ‹አልነገርኩዎትም ወይ!› ብዬ ጮህኩ። ይህን ያህል ተሰድቤ ላንሾካሹክ ኖሯል?»

«እሳቸውስ?»

«አቅፈው ሳሙኝ። እኔም በደስታ መዶሻዬን እዚያው ጥዬ ቤቴ ገባሁ።»

«ውሸታም!» አለች ልጅቱ። «አባዬ ሰው አቅፈው አያውቁም!»

«አንቺስ ምን አየሽ?»

«ውኃ ላቀብላቸው እስከ በሩ ሄጄ ነበር። ይጯጯሃሉ። የተቀደደው ወንበር ብናኝ ጢስ መስሎ ይተናል፤ ጥቁር ቀሚሴን በግ አስመስሎት ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ እግሬ አልደረሰም። ዛሬ ጠዋት... እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።» ድምጿ ተሰበረ፤ ወዲያው መልሳ በንዴት ጠገነችው። «ይሄ ሰውዬ ካልታሰረ እኔ ራሴ እታሰራለሁ!»

ወስፌ ወንበሩን ገልጣ አየች። አረንጓዴው እጥፋት እንደተባለው አለ። ቀና ስትል ግን ዳሽቦርዱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው፤ ገና ያልጠነከረ፣ የሚሸት ቀይ።

ቀለም ቀቢው ሲጠራ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። ኩራቱ ቀድሞት በበሩ ገባ፤ እሱ ትንሽ ቆይቶ ተከተለ።

«እህቴ፣ እኔ ሥራዬን ትናንት ጠዋት ነው የጨረስኩት። ዳኛው ‹ቀዩን› አሉኝ፤ ዳሽቦርዱን ረጭቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ይህን ግቢ አልረገጥኩም።»

«ወንበሩ ከመቀደዱ በፊት ነው?»

«እንዴታ! ይህ ሽማግሌ ወንበር በቀደደበት ቤት ቀለም የሚረጭ እብድ ነው። ብናኙ አያርፍም እኮ!»

«በዚህስ አልዋሸም፣» አለ ሽማግሌው ሳይወድ። «ሳስነጥስ እንኳ ከጋራዥ ያባርረኛል።»

ወስፌ ከመኪናዋ ገብታ ጉንጯን ከዳሽቦርዱ አስጠጋች፤ አንድ ዐይኗን ጨፍና በመስኮቱ ብርሃን አሻግራ ስታይ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ከዳሽቦርዱ ብሶ ቀልቷል።

«ሁላችሁም ወደዚህ ቅረቡ። ሳጅን፣ በሩ ላይ ቁም። የቀለም ማሟሚያ ቲነርና ጨርቅም ስጠኝ።»

መኪናዋን ከበቡ።

«ዳኛው አረንጓዴውን አይተዋል፣» አለች። «ሽማግሌው ክርክሩን አሸንፏል። ያሸነፈ ሰው ዳኛውን ለምን ይገድላል?»

«እንጃ፣ እብደት ነው!» አለ ቀለም ቀቢው።

«ይህን ቃል ትወደዋለህ። እስቲ ጎንበስ በልና በብርሃኑ እይ። ዳሽቦርዱ ምን አብቅሏል?»

ጎንበስ አለ።

«ጢም!» አለች ወስፌ። «የወንበር ብናኝ ነው። በላዩ ያረፈ ቢሆን በጨርቅ ይጠረግ ነበር፤ ይሄው፣ አይጠረግም። ቀለሙ እርጥብ ሳለ ውጦት አብሮት ደርቋል። ስለዚህ ይህ ቀለም የተረጨው ወንበሩ ከተቀደደ በኋላ ነው። አንተ ደግሞ ጠዋት ጨርሼ ሄድኩ ብለሃል።»

«ሌላ ሰው ረጭቶት ይሆናል!»

«በምን? መርጫህን ለሰው ታውሳለህ?»

«ሚስቱንም አያስነካም!» አለ ሽማግሌው።

«አየህ፣ እኔን የገረመኝ መርጨትህ አይደለም። ብናኝ በሚተንበት ቤት ቀለም መርጨት እብደት ነው ያልከው አንተ ነህ። ታዲያ ለቀለም እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ምን አስቸኩሎት አበደ? የሚሸፍነው ነገር ቢኖረው ነው። ቀይ ደግሞ ምን ይሸፍናል?»

ጨርቁን በቲነር ነክራ ዳሽቦርዱን ፈተገችው። ቀዩ ሟሙቶ እንደ ጭቃ ወረደ። ከሥሩ ቲነር ያላሟሟው የደረቀ፣ የጠቆረ የደም ፍንጣቂ ብቅ አለ። በፍንጣቂው መሐል በቢላ የተፋቀ ቦታ አለ፤ የተፋቀው ውስጡ አረንጓዴ ነው።

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«አባትሽ ወንበሩን ካዩ በኋላ ዳሽቦርዱንም ፋቁት፣» አለች ወስፌ። «እውነቱን ሲያገኙ ያታለላቸውን ሰው ጠሩት። እሱም ከኋላ ተቀምጦ ተሰደበ፤ የሰው መዶሻ ከእጁ አጠገብ ነበረ።» ወደ ቀለም ቀቢው ተጠጋች፤ ጥርሷን ነክሳ ነው የምትናገረው። «መግደልህ ሳያንስ በንጹሕ ሰው ልታስፈርድ!»

«ለቅላቂ አለኝ!» ብሎ ቀለም ቀቢው ጮኸ፤ ኮምፕሬሰር ፈነዳ የመሰለው ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። «በስልክ ጠርቶ፣ በቢላ እየፋቀ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየሳቀ፣ ‹ና እይ፣ አንተ ለቅላቂ!› አለኝ። እኔን! ቀለም ራሱ ‹አባቴ› የሚለኝን ሰውዬ!»

ሳጅኑ ካቴናውን ከሽማግሌው ፈትቶ ቀለም ቀቢውን አሰረበት።

ልጅቱ ወደ ሽማግሌው ቀረበች። «ጋሼ... ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው የእጁን አንጓ እያሻሸ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ዛሬ አልልም፣» አለ። «ነገም እንጃ። አባትሽን ቅበሪ፤ እኔም ንዴቴን አብርጄ ልይ። ከዚያ በኋላ ነይ።»

ወደ በሩ ሄደ። ሳጅኑ ቀለም ቀቢውን እንደያዘ መውጫው ላይ ተገትሯል።

«አንተ ደግሞ ዞር በል ከፊቴ!»

ሳጅኑ እስረኛውን ይዞ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።