ቆርቆሮው ረግቶ እስኪያልቅ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ቶሎ» ነበር የሚሏት። ሊፍት ጠብቃ አታውቅም፤ ሻዩዋን ምላሷ እየተቃጠለ ትጨልጠዋለች። እንዲህ ያለች ልጅ የሙቀት መለኪያዎች ትክክለኛነት በሚረጋገጥበት ቤተ ሙከራ እንዴት ተቀጠረች ቢባል፣ በማዕረግ ስለተመረቀች ነው። ትዕግሥቷን የፈተነ ሰው አልነበረም።

የቤተ ሙከራውን አዲስ ብረት አቅላጭ ያገኘችው ኮሪደር ላይ ነው። እሷ እየሮጠች ስትታጠፍ፣ እሱ ረጅም የመስታወት ቱቦ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ይመጣል። ሊጋጩ አንድ እርምጃ ሲቀር ቱቦውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጀርባውን ሰጣት።

«እኔን ግጪ!» አለ። «እኔ እተካለሁ፣ ይሄ አይተካም።»

ገጨችውም። ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን ደረጃው ላይ አብረው መብላት ጀመሩ። እሱ አንድ ጉርሻ ሲያላምጥ እሷ ሳህኗን ትጨርስና አፉን ታየዋለች። ያየችው እንደሆነ ያፍራል፤ ሲያፍር ደግሞ ጭራሽ ማላመጡን ያቆማል።

እናቷ ስለ ሥራው ጠይቃ «ቆርቆሮ ያቀልጣል» ስትባል፣ «ይሁን፣ ቢያንስ ጣራችሁ አያፈስም» ብላ ነበር።

ይህ ቆርቆሮ ግን የጣራ አይደለም። ንጹህ ቆርቆሮ ቀልጦ ሲረጋ፣ ሙቀቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ከምናምን። ቴርሞሜትሮች የሚፈተኑት በዚያ ነው። የባዕድ ብረት ብናኝ ከገባበት ግን የሚረጋበት ሙቀት፣ መርጊያው፣ ዝቅ ይልና የሁሉም ልኬት ይበላሻል። የመሥሪያ ቤቱን አዲስ ቆርቆሮ አቅልጦ ቱቦው ውስጥ ያሸገው እሱ ነው፤ ቴርሞሜትሩ የሚገባው በመሃሉ ባለች ጠባብ ውስጠኛ ቱቦ ነው። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜው ሐሙስ ያበቃል፤ የሚፈረደውም በዚያው ቆርቆሮ ነው።

እሷ ሰኞ ለካችው። አንድ ዲግሪ ሺህ ቦታ ቢከፈል፣ አዲሱ ቤቱ ሲገለገልበት ከኖረው አሮጌ ቆርቆሮ በሁለቱ ያንሳል። ሃያ ደቂቃ አየችና «ብረቱ ንጹህ አይደለም» ብላ ጽፋ ፈረመች።

ሪፖርቱ የደረሳቸው አለቃ «ጋሽ ዜሮ» ይባላሉ፤ ስህተት ዜሮ ካልሆነ አይዋጥላቸውም።

«ልጄ፣ ስትሠራ እጅህን ታጥበሃል?» አሉት በእሷ ፊት።

«ሦስት ጊዜ፣ ጋሼ።»

አንዴ ቀና ብሎ አያትና ወለሉን ማየት ጀመረ። ከዱላ የከፋ አስተያየት ነበር።

ደረጃው ላይ ደረሰችበት። «ለምን አትከራከርም?»

«አንቺ ፈርመሻል፤ እኔ ምን ልበል?»

«ቁጥሩ ነው ያለው!»

«ቁጥሩን ስንት ደቂቃ አየሽው?»

«ሃያ።»

«ቆሻሻ ያለበት ብረት ሲጀምር ጨዋ ይመስላል» አለ። «እየረጋ ሲሄድ ግን ቆሻሻው ገና ባልረጋው ፈሳሽ ውስጥ እየተጠራቀመ፣ ሙቀቱ እያቆለቆለ...»

«ተምሬዋለሁ!»

«ተምረሽዋል፣ አላየሽውም። ለአንድ ቀን እስከ መጨረሻው ተቀመጪና እይው። ከወረደ ዕቃዬን ራሴ እሰበስባለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ወንበር ስበው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ቆርቆሮው ቀለጠ። ሲቀዘቅዝ ሙቀቱ ከመርጊያው በታች ወረደ፣ ከዚያ ድንገት ዘሎ ተመለሰ፤ መርጋት ጀመረ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ተዘረጋ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት። እግሯ መወዛወዝ ጀመረ።

«ወንበሩ ይሰበራል» አላት።

«አንተ ሰው ነህ ወይስ ምሰሶ?»

በአራተኛው ሰዓት እግሯን ማወዛወዙን ተወችው። መስመሩ ቀጥ እንዲል አጥብቃ እንደምትፈልግ ታወቃት፤ ለሚለካ ሰው ውጤት መምረጥ ነውር መሆኑን እያወቀች። ዞር ስትል እሱ ስክሪኑን ሳይሆን እሷን ያያል። ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ።

ሠራተኛው ሁሉ ከሥራ ሊወጣ ሲል የመጨረሻው ፈሳሽ ረጋ። መስመሩ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆይቶ፣ ከዚያ እንደ ገደል ቁልቁል ወረደ። ቆሻሻ ቢኖርበት ቀደም ብሎ ያዘቀዝቅ ነበር።

«ንጹህ ነው» አለች በቀስታ። «ታዲያ ያነሰችው ሁለቷ የት ገባች?»

ቴርሞሜትሩን ልታወጣው ስትል፣ እስከየት መግባት እንዳለበት የሚያሳየው ምልክት ከውስጠኛው ቱቦ አፍ በላይ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ እንደነበር አስተዋለች። በረጅም መቆንጠጫ የውስጠኛውን ቱቦ ታች ጎረጎረች። የተጠቀጠቀ የመስታወት ጥጥ ወጣ። ጫፉ እንዳይሰበር ብላ ሰኞ ዕለት ራሷ የጎሰረችው ነው፤ ስስ ንጣፍ ይበቃ ነበር። ቴርሞሜትሩ ታች ሳይደርስ ቀርቶ፣ ሙቀቱ በአንገቱ በኩል ሲያመልጥ ከርሟል።

ፊቷ ጋለ። ጥጡን እንደጨበጠች ወደ ጋሽ ዜሮ ቢሮ ሮጠች። የልጁን ስንብት ሊፈርሙ ብዕራቸውን አንስተው ነበር።

«ጋሼ፣ እንዳይፈርሙ! ቆሻሻው እኔ ነኝ!»

ሰውዬው ከመነጽራቸው በላይ ጥጡንም እሷንም አዩ። «ሃያ ዓመት ሪፖርት ሳነብ እንዲህ ያለ ቃል አላጋጠመኝም» አሉ። «ነገ ይደገም። ከተስተካከለ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ስህተትሽን በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ።»

ዓርብ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ተስማሙ። ጋሽ ዜሮ ፈረሙ።

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ የቋሚነት ወረቀቱን ይዞ ተቀምጦ አገኘችው።

«ይቅርታዬን በሦስት ቅጂ ጽፌ አስገብቻለሁ» አለችው። «በአፍም ልድገመው። ይቅርታ።»

«ይበቃል።»

«አልበቃኝም። እንጋባ።»

ወረቀቱ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «ቆይ እንጂ! እኔ ልጠይቅሽ እያሰብኩ ነበር።»

«ስታስብ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሦስት ወር።»

«እንግዲያው አስበህ ጨርሰሃል።»

መሳቅ ጀመረ። ከሰኞ ጀምሮ አፍኖት የኖረውን ትንፋሽ ሁሉ አንዴ ለቀቀውና፣ «እሺ» አላት፣ «እሺ፣ እሺ።»