የኢሲዶሮስ ክኒን

ኢሲዶሮስ ከቅድስት ማሪና ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሲገኝ፣ የተገለበጠበት ኖራ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ አልብሶት ነበር። ለበዓሉ ጉልላቱን ኖራ የሚቀባው እሱ ነው። በየዓመቱ ይወጣል፣ ይቀባል፣ ይወርዳል፤ ወድቆ አያውቅም። የመንደሩ ሰው «አዳልጦት ነው» ብሎ አልቅሶ ቀበረው።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲመጣ ግን ለቅሶው ወደ ሐሜት ዞረ። በሟቹ ደም ውስጥ የጭንቀት መድኃኒት ተገኘ፤ ያውም እፍኝ ሙሉ እንደዋጠ ሰው በዝቶ። ክኒን መጀመሩን ከሚስቱ ከአሬቲ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንግዲህ ከእሷ ሌላ ማን ሊያበዛበት ይችላል? የሟቹ ታላቅ እህት ኤቫንቲያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «ወንድሜን መርዛ ገድላዋለች፤ ልጅቱን ለእኔ ስጡኝ» ብላ አመለከተች። ልጅቱ ገና አንደኛ ክፍል የገባችው ፎቲኒ ናት። አሬቲ ከታሰረች ልጇን እንደምታጣ የታወቀ ነበር።

ከከተማ ወደ ደሴቱ የተላከው ኢንስፔክተር ሳራንቲስ ቀጭን፣ ወሬ የሚወድ፣ ጣፋጭ የማይጠግብ ሽማግሌ ነው። አሬቲ ቤት ገብቶ ገና ከመቀመጡ ክኒኑን እንዲያሳዩት ጠየቀ። አሬቲ አመጣችለት። የቀረውን ቆጥሮ ከተገዛበት ቀን ጋር አስተያየው፤ ከታዘዘው በላይ አንድ ፍሬ እንኳ አልጎደለም።

«ሌላ እሽግ አለ?»

«የለም።»

«መድኃኒቱ እንዴት ተስማማው?»

«መጀመሪያማ አሳሩን አበላው። አፉ ይደርቃል፣ ከተቀመጠበት ሲነሣ ምድር ትዞርበታለች፣ ምግብ አያሰኘውም። ‹ልተወው› ሲለኝ ‹ታገስ፣ ሰውነትህ ይለምደዋል› አልኩት። ለመደውም። ከስንት ጊዜ በኋላ እየሳቀ ፎቲኒን ትምህርት ቤት መውሰድ ጀመረ። ሐኪሙም ‹ከእንግዲህ መሰላል መውጣት ትችላለህ› አለው።»

«የከለከለው ነገርስ?»

«የሐኪም ነገር፣ መቼ ያልቃል! መጠጥ፣ መራራ ብርቱካን፣ ክኒኑን በባዶ ሆድ መዋጥ... ሁሉንም ከቤቴ አስወጥቼለት ነበር።» እሽጉን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገች። «ያን ጠዋት ፈራ ተባ ሲል ‹ሂድ፣ ምንም አትሆንም› ብዬ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ክኒን አላበዛሁበትም፣ ጌታዬ። ግን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሳራንቲስ ብዙ ሰው «አልገደልኩም» ሲል ሰምቷል። «የገደልኩት እኔ ነኝ» የሚል ሲያጋጥመው ግን አይቸኩልም።

ከዚያ የሄደው የኢሲዶሮስ የሥራ ጓደኛ ፓንዴሊስ ቤት ነው። ፓንዴሊስ እንደ አገሩ ወግ ከነልጣጩ የተቀቀለ የመራራ ብርቱካን ማርማላታ በትንሽ ሳህን፣ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አቀረበለት። ሳራንቲስ ማንኪያውን ላሰ።

«የኤቫንቲያ እጅ ነው» አለ ፓንዴሊስ። «ደሴቱን ቢዞሩ እሷን የሚያክል የለም። ኢሲዶሮስ ግን ሰሞኑን እምቢ ይለኝ ነበር። ሚስቱ ‹ጥርሱን ያመዋል› ብትለኝም የተቀየመኝ መስሎኝ ተኮራረፍን።»

«መሰላሉን ማን ይዞለት ነበር?»

ፓንዴሊስ አቀረቀረ። «እኔ ነበርኩ መያዝ ያለብኝ። ቡና ቤት ዳማ ይዞኝ ዘገየሁ። እሱ ከእህቱ ግቢ ወጥቶ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ ኖራውን የሚበጠብጠው እዚያ ነው። ‹መጣሁ› አልኩት። አልመጣሁም።»

ኤቫንቲያ ደግሞ እንግዳዋን ከመራራ ብርቱካን ዛፎቿ ጥላ ሥር አስቀመጠችና የሱቅ ብስኩት አቀረበችለት።

«ወንድምዎ ክኒን እንደሚወስድ ያውቁ ነበር?»

«ከየት ብዬ! ለእኔ ማን ይነግረኛል? እሷ ከቤቴ ካራቀችው ቆይቷል። ያን ቀን ኖራውን በጠበጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሄደ። ምንም አልቀመሰም።»

ሳራንቲስ በተከፈተው በር የጓዳውን መደርደሪያ ያይ ነበር። አቧራው ላይ የብልቃጥ ቂጥ የሚያክሉ ንጹሕ ክቦች ተደርድረዋል፤ ብልቃጥ ግን አንድም የለም።

«ስሙን ስሰማ የመጣሁት ማርማላታ እንኳ የለም?»

«አልቋል።»

ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር ይባላል። ሳራንቲስ ብስኩቱን ሳይነካ አመስግኖ ወጣ።

በማግስቱ ሦስቱንም አሬቲ ቤት ሰበሰባቸው። ኤቫንቲያ ከአሬቲ ርቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች።

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከሟቹ ሆድ በስኳር የተቀቀለ ልጣጭ አግኝቷል» ብሎ ጀመረ። «የምን ልጣጭ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔ ጠየቅሁ። የመራራ ብርቱካን ነው። ይህ መድኃኒት ተውጦ ደም ጋ ሳይደርስ አብዛኛውን አንጀት ይሰብረዋል። መራራ ብርቱካን አንጀቱን ከዚህ ሥራ ያግደዋል። ያን ጊዜ አንዷ ክኒን እንደ እፍኝ ትሆናለች። ከእሽጉ ሳይጎድል ደሙ የሞላው ለዚህ ነው፤ ትቶት የነበረው ማዞርም ተመልሶ ጉልላት ላይ ያዘው።»

«ታዲያ ማን አበላው?» አለ ፓንዴሊስ።

«አንተ ማርማላታ አቀረብክልኝ። ማርማላታው ሰው መግደሉን የሚያውቅ ለመርማሪ ማርማላታ አያቀርብም። ወይዘሮ አሬቲም ክልከላውን እንደጠየቅኋቸው ሳይደብቁ ነገሩኝ። እርስዎ ግን፣ ወይዘሮ ኤቫንቲያ፣ በእጅዎ አገር እየማለ የሱቅ ብስኩት ሰጡኝ።»

«አልቋል አልኩዎ እኮ!»

«ማርማላታ ሲያልቅ ብልቃጡ ታጥቦ ይቀመጣል። የእርስዎን ብልቃጦች ግን ዛሬ ጠዋት ከነማርማላታቸው ከብርቱካኑ ዛፍ ሥር ተቀብረው አገኘናቸው። ስለ ክልከላው የማያውቅ ሰው ይህን ለምን ይቀብራል? ክልከላውን ከኢሲዶሮስ አፍ ሰምተዋል።»

ኤቫንቲያ ፊቷን ከግድግዳው ወደ አሬቲ መለሰች።

«‹እህቴ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፣ ያዞረኛል› አለኝ። ‹ለየትኛው በሽታ?› ብለው ዝም። አንቺ ከእኔ ልታቆራርጪው የፈጠርሽው መሰለኝ። ‹እናታችን በዚህ አይደል ያሳደገችህ?› ብዬ አለቀስኩበት። ለእኔ ሲል በላ። ደገምኩለት። ወድቆ ሲያመጡት ገባኝ። ገብቶኝም ጣቴን አንቺ ላይ ቀሰርኩ።»

«ማብላትዎ ስሕተት ነው» አለ ሳራንቲስ ቀስ ብሎ። «ብልቃጦቹን ቀብረው ንጹሕ ሰው መወንጀልዎ ግን ስሕተት አይደለም። ዳኛ ፊት ይመልሱታል። ወይዘሮ አሬቲ፣ እርስዎ ነፃ ነዎት፤ ልጅዎንም የሚነካ የለም።»

ኤቫንቲያ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች።

«አሬቲ፣ ምን አሞት ነበር? ብትነግሪኝ ኖሮ ማንኪያውን ከእጁ እነጥቅ ነበር።»

«ጭንቀት ነበረበት፣ እትዬ» አለች አሬቲ። ቃሉን በሰው ፊት ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። «እሱማ ሊነግርሽ ነበር የፈለገው። ‹ተው፣ እብድ ይሉናል› ብዬ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሳራንቲስ ኤቫንቲያን ይዞ ወጣ። «ነፃ ነዎት» ያላትን አሬቲን ቀና ብሎ ማየት አልሆነለትም።