ወደ መንገድ የዞረው ቀለም

የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት በዝናብ የተበላሹት በማሬና በሂዊ ጥፋት ነው። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ማሬና ሂዊ ብቻ ናቸው።

ሌላው ሰው የሚያውቀው ሌሊቱን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣሉን፣ ሲነጋም የንባብ ክፍሉ ወለል ውሃ ተኝቶበት መገኘቱን ነው። ተማሪው ሁሉ ከክፍል ተጠርቶ መጥቶ እርጥቡን መጽሐፍ እያወጣ ግቢው ውስጥ በተነጠፈው ሸራ ላይ ያሰጣል። ማሬ አንድ የባዮሎጂ መጽሐፍ ለመግለጥ ሞከረች። አንጸባራቂው ወረቀት እርስ በርሱ ተጣብቋል። ቀስ ብላ ስትስበው የልብ ሥዕል ያለበት ገጽ ለሁለት ተቀደደ።

«ተይው፣ ሳይደርቅ አትግለጭው» አሏት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ ሥራነሽ። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ሕንፃው ከከተማው ሕንፃ ሁሉ የሚለየው በመስኮቶቹ ነው። ከእያንዳንዱ መስኮት ውጭ ጠፍጣፋ ብረቶች አግድም ተደርድረው ርብራብ ሠርተዋል። የብረቶቹ አንዱ ፊት ነጭ ነው፤ ሌላው ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። በማዞሪያ ሲዞሩ ሁሉም አንድ ላይ ያዘነብላሉ። ከጀርባቸው መስታወት የለም፤ አየር እንዲገባ ተብሎ የወንፊት ሽቦ ብቻ ነው የተወጠረው። ንድፉን ያወጣችው ወጣት መሐንዲስ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ለትምህርት ቤቱ የሥነ ጥበብ ክበብ አስረድታ ነበር። የብረቱ የውጭ ጠርዝ ወደ ታች ካዘነበለ ነጩ ፊት ከላይ ይሆንና ፀሐዩንም ዝናቡንም ወደ ውጭ ይመልሳል፤ ቀለሙ የሚታየው ከውስጥ ነው። ቀለሙ ወደ ውጭ ከዞረ ግን ጠርዙ ወደ ላይ ይነሳና ዝናቡን ወደ ውስጥ ያወርደዋል። «ቀለሙ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ነው» ብላ ነበር።

ይህ ለምረቃው ኮሚቴ አልተዋጠለትም። ከባሕር ዳር እንግዳ ይመጣል፣ ከጎረቤት ከተሞች ከአምበርና ከይጁቤ ሰው ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፤ ታዲያ ያ ሁሉ ቀለም ተደብቆ ነጭ ብረት ሊታይ ነው?

«ለእንግዳ ጀርባ ይሰጣል እንዴ!» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አንተነህ፣ የሂዊ አባት። ለምረቃው ቀን ብቻ ቀለሙ ወደ መንገድ እንዲዞር ተወሰነ። ሥራው ከክበቡ ለማሬና ለሂዊ ተሰጠ፤ በነጋታው እንዲመልሱትም ታዘዙ።

በነጋታው አልመለሱትም። የማርቆስ አውቶቡስ ሲያልፍ ተሳፋሪው ለማየት አንገቱን በመስኮት ያወጣል፤ መንገደኛው ቆሞ ጣቱን ይቀስራል። ሂዊ «ነገ» አለች፤ ማሬም «ነገ» አለች። ፀሐዩ እንዲያ እየነደደ ማን ስለ ዝናብ ያስባል? ከዚያ ፈተና መጣና ጭራሽ ረሱት። ውስጥ የተቀመጡት አንባቢዎች ነጭ ብረት እያዩ አነበቡ። ሌላ ነገር ማየት እንደነበረባቸው ማን ነግሯቸው?

አቶ አንተነህ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ከንባብ ክፍሉ ወጡ።

«ይህ ነገር በምረቃው ማግስት አልተመለሰም እንዴ?» ብለው ሁለቱን ልጆች ጠየቁ።

«መልሰነዋል» አለች ሂዊ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ማዞሪያውንም ለጋሽ እንዳላማው ሰጥተናል።»

ማዞሪያው እውነትም ዘበኛው ጋ ነበር። አቶ አንተነህ ወደ ማሬ ዞሩ። ማሬ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ በላይ ምንም አላደረገችም፤ ግን በቃ።

ጋሽ እንዳላማው ተጠርተው መጡ። ጋቢያቸው ከወገባቸው በታች ርሷል፤ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ሲጠርጉ ነበር።

«ዝናቡን ግባ ያልከው አንተ ነህ?» አሉ አቶ አንተነህ።

«እኔ? ኧረ ኪዳነ ምሕረትን አልነካሁም!»

«ልጆቹ መልሰው ነው የሰጡህ። ልጄ ደግሞ አትዋሽም። ታዲያ ብረቱ ብቻውን ዞረ?»

ሽማግሌው ርብራቡን አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አዩ።

«እንጃ… አንድ ቀን አቧራውን ስወለውል ማዞሪያውን ይዤ ነበር መሰለኝ» አሉ። «እርጅና ነው እንግዲህ። እኔው ሳልሆን አልቀርም።»

ማሬ ይህን አልጠበቀችም። ይጮኻሉ፣ ይምላሉ፣ ይሟገታሉ ብላ ነበር። ሰውየው ግን ያላደረጉትን ማስታወስ ጀመሩ።

ሽማግሌው ሰኞ ከሥራ እንዲሰናበቱ ተወሰነ።

ከሰዓት በኋላ ማሬ ሂዊ ቤት ሄደች። ሂዊ ክፍሏ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሹሩባዋን ትፈታለች። ከሳሎን የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል።

«አባትሽ ናቸው?»

«አዎ፣ ዜና እየሰማ ነው። ምነው?»

«ልንነግራቸው ነው።»

ሂዊ ሳቀች። «ሙድ አትያዢብኝ።» ማሬ እንዳልሳቀች ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? ሰውየው ራሳቸው አመኑ እኮ! በገዛ አፋቸው!»

«ያመኑት እኛ ስለዋሸን ነው።»

«አታካብጂ።»

«ስንወጣ እትዬ ሥራነሽን ምን እያሉ ሲጠይቁ እንደነበር ሰምተሻል? ‹ሌላስ ምን ረስቻለሁ? በሩን ሳልቆልፍ ያደርኩበት ቀን አለ?› ይላሉ።»

ሂዊ ሹሩባዋን ግማሹን ፈትታ ተወችው።

«አባዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ‹ልጄ አትዋሽም› ያለው» አለች በመጨረሻ። «አሁን በየት በኩል ሰው ፊት ይቆማል?»

ይህም እውነት ነው። አቶ አንተነህ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማሬን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት። ማሬ በነጋታው ብረቱን መልሳው ቢሆን የምሳ ሰዓት ሥራ ነበር። ጠዋት ራሷን ባትነቀንቅ ደግሞ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አሁን ግን የፈለገችውን ብትናገር መጽሐፉ አይድንም። ጋሽ እንዳላማውም ራሳቸውን እንደ ድሮው ማመናቸውን እንጃ።

«ጓደኛዬ አይደለሽ?» አለች ሂዊ።

«ነኝ።»

«እንግዲያው ተይው።»

«የራሴን ብቻ ነው የምነግራቸው። ያንቺን አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«ሁለታችን ነን እኮ የነበርነው! ያንቺን ከነገርሽ የኔን አልነገርሽም?»

ሂዊ ልክ ናት።

«እሺ፣ አብረን እንግባ። ነይ።»

ሂዊ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማሬ ጠበቀቻት። ሳሎን ውስጥ ሬዲዮው ተዘጋ፤ ወንበር ሲጢጥ አለ። አቶ አንተነህ ሊወጡ ተነስተዋል።

«ጋሼ! አንዴ ይጠብቁኝ» ብላ ተጣራች።

ወጣች። ሂዊ ከሳሎን እንዳትታይ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።