የእማዬ መታጠቢያ ቤት ልክ

ያልሆነ ነገር አልጨመርኩም። ልጨምር ብል ኖሮ ለራሴ የሚያመቸኝን እጨምር ነበር።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ፣ መንዝ፣ ዘመሮ፣ እናቴ ቤት። ጉሙ ወርዶ የአጥሩ በር እንኳ አይታይም ነበር።

ጽናት እባላለሁ። መሐል ሜዳ ሂሳብ አስተምራለሁ። ስም አውጪዎቼ ተሳስተዋል፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

እናቴ አረጋሽ ሐምሌ ላይ፣ ከጓሮ ሽንት ቤት ስትመለስ ጭቃው አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናት።

እሷን ያንገበገባት ግን ስብራቱ አልነበረም። ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ሲወርድ ሳትታጠብ ቀርታ አታውቅም። ለእሷ ያ ውኃ ፀበል ነው።

"ዘንድሮ ሳልታጠብ ዓመቱ ሊዞር ነው?" አለችና አለቀሰች።

የእማዬን እንባ አልችልም። "ዝናቡን ከጣራው ላይ በቱቦ እቤት ድረስ አመጣልሻለሁ" አልኳት።

ግን መታጠቢያ ቤቱ የት ይሠራ?

ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም። የተረፈ ቦታ ቢኖር ከአልጋዋ አጠገብ ያለው፣ ድሮ ገብስ የምናስቀምጥበት ክፍል ነው። መስኮት የለውም። በሩ ጋ ሰፋ ይልና ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል።

ጠዋት በሜትር ለካሁት። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ግንበኛው ጋሽ ወሰኔ ናቸው። ሰፈራችን ሰው ሲሞት የመቃብሩን ልክ የሚወስዱትም እሳቸው ናቸው። የዚያን ዕለትም ከቀብር ነው የመጡልኝ።

"በሩ ወደ ውስጥ ከተከፈተ የመታጠቢያውን አግዳሚ ይገጨዋል" አሉ።

"ወደ ውጭ ይከፈታላ!"

"ወደ ውጭማ የእናትሽን አልጋ ይገጫል።"

"በቃ መጋረጃ ይሁን!"

"አይ አንቺ ልጅ... ቤት በጩኸት አይሠራም" ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ቱቦ ሊያመጡ ወጡ። የሚለኩባትን ሲባጎ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ሰቀሏት። በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ።

"ሲባጎዋን አትንኪያት።"

"ለምን?"

"አትንኪያት አልኩሽ።"

ለእኔ አትንኪ ማለት ያው ንኪ ማለት ነው። ደግሞም ቸኩያለሁ፤ ለሩፋኤል የቀረኝ አራት ቀን ነው።

ሐኪሙ ለጊዜው ተጋድማ ትታጠብ ብሏል። ስለዚህ የምትጋደምበት አግዳሚ ክፍሉ ውስጥ መግባቱን ማወቅ ነበረብኝ። እማዬ ተኝታለች። የብረት ሜትሩ ይቀዘቅዛታል፤ ትነቃብኛለች ብዬ ሲባጎዋን አነሳሁ።

ከራስ ቅሏ እስከ ተረከዟ ለካኋት። ጫፉ ላይ ቋጠርኩ።

ወደ ክፍሉ ገብቼ ሲባጎዋን ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጋሁ...

ቋጠሮው ግድግዳውን ነካ።

አልተረፈም። አልጎደለም።

ሜትሩን አምጥቼ ክፍሉን ለካሁ። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት። ደብተሬን ገለጥኩ። ሁለት ሜትር ከአሥር ይላል፣ በገዛ ጽሕፈቴ።

"ተሳስቼ ነው" አልኩ። እኔ ደግሞ በልክ አልሳሳትም።

ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። ሠልሼ ለካሁ። ያው ነው። መቀመጥ አቃተኝ፤ እወጣለሁ፣ እገባለሁ።

"ጽናት..." አለች እማዬ ከአልጋዋ።

"ወዬ።"

"እዚያ ውስጥ ማን ነው የሚታጠበው?"

"ማንም የለም። እኔ ነኝ።"

"ውኃው ይሰማኛል እኮ።"

ቱቦው ገና አልመጣም። ቧንቧ አልተቀጠለም። እንዴት ያለ ውኃ?

ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

ጠብ... ጠብ... ጠብ...

ወለሉን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። አቧራው እንዳለ ነው።

"እግሬ ቀዘቀዘ" አለች።

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። እግሯ እርጥብ ነበር። በነጠላዬ ጠረግኩት። ነጠላውን ሳነሳ ተመልሶ እርጥብ ሆነ። ፍራሹ ግን ደረቅ ነው።

ጋሽ ወሰኔ ቱቦውን ተሸክመው ሲገቡ ዓይናቸው ቀጥታ ሲባጎዋ ላይ አረፈ። ቱቦውን ለቀቁት።

"ማንን ለካሽ?" አሉ በሹክሹክታ።

"እማዬን።"

"ተኝታ?"

"አዎ... ምነው?"

"በስመ አብ! በዚች እኮ የጉድጓድ ልክ ነው የምወስደው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ለካሁባት።"

"ታዲያ ለምን ሰው ቤት ይዘዋት ይመጣሉ!" ጮህኩባቸው። ታላቅ ሰው ናቸው፤ ግን ጮህኩ።

"ቤትም እለካባታለሁ። ነፍስ ያለው ሰው ግን አይለካባትም። በይ ፍቺው!"

ቋጠሮውን ያዝኩ። ረጥቧል። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በጥርሴ ሞከርኩ። አልተፈታም። ጋሽ ወሰኔ ቢላ አውጥተው ገዘገዙት፤ አልቆረጠም።

"ጉልበቴም ቀዘቀዘ..." አለች እማዬ።

ጠብ... ጠብ... ጠብ...

"ጽናት ልጄ፣ ወገቤ..."

ሲባጎዋ እጄ ላይ እንዳለች ሮጬ እላይዋ ላይ ተደፋሁ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አለቀች እናቴ! ያን ጊዜ ሁላችንም በቀን አሥር ጊዜ የምንለውን አልኩ። ልጅ ሲደናቀፍ የምንለውን። ሰው ሲያስለው የምንለውን።

"እኔን! እማዬ፣ እኔን! ለእኔ ያርገው!"

ጠብታው ቆመ።

ከክፍሉ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣

"እሺ።"

ድምፁ የወንድ ይሁን የሴት አላውቅም። ጋሽ ወሰኔን አየኋቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው ያማትባሉ። ሰምተዋል።

ቋጠሮው እጄ ላይ ራሱን ፈታ። የእማዬ ከንፈር ቀላ፣ እግሯ ሞቀ። "ራበኝ" አለች። እኔ ስቄም አልቅሼም አልጠገብኩም።

ጋሽ ወሰኔ ሥራውን ጨረሱ። ሲባጎዋን ግን አልወሰዷትም። "እኔ አልነካትም፤ አንቺም አትንኪያት" ብለው ሄዱ። ይኸው ሚስማሯ ላይ ናት።

በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ጣለ። እማዬ በምርኩዝ ተነሥታ፣ በእግሯ ገብታ ታጠበች። ደስታዋን ባያችሁ! እኔ ግን በመጋረጃው በኩል ሜትር ይዤ ቆሜ ነበር።

የክፍሉ ርዝመት አንድ ሜትር ከሰባ።

እኔ አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት ነኝ።

ለማንም አልነገርኩም። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ብዬ እዚያው ቆየሁ። በየቀኑ እለካለሁ። ስልሳ ዘጠኝ... ስልሳ ስምንት... ስልሳ ሰባት...

ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ለካሁ።

ስልሳ አምስት።

ቀና ስል ሲባጎዋ ላይ ቋጠሮ አለ። እኔ አልቋጠርኩም።

እማዬ ደጅ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ምንም እንዳልሆነ ሰው ስለ አዲስ ዓመት አወራኋት። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ግን ከመታጠቢያ ቤቱ ይሰማኛል...

ጠብ... ጠብ...

"ውኃውን ሳትዘጊው መጣሽ?" አለችኝ።

"እዘጋዋለሁ።"

ጎንበስ ብላ እግሬን ነካች። እጇን ቶሎ አነሳችው።

"ውይ ልጄ! እግርሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የረጠበው? በረዶ ሆኗል እኮ!"

ፊቷን አየሁት። ምን ልትል እንደሆነ አወቅኩ። እናት ሌላ ምን ትላለች?

"እኔ..."

ሳትጨርሰው አፏን በሁለት እጄ ከደንኩት። ደነገጠች፤ ምርኩዟ ወደቀ። ዓይኗ "ምን ሆንሽ?" ይለኛል። እኔ አልለቀቅኳትም።

ቤት ውስጥ ጠብታው ቆመ።

መጋረጃው ቀስ ብሎ ተከፈተ... ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ሲንሸራተቱ ሰማሁ።

ከዚያ ጸጥ አለ። ቃሉን እስክትጨርስለት እየጠበቀ ነበር።