ሳትበላ አትሂድ

መማል አልወድም፤ ስለዚህ አልምልም። የሆነውን ግን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ቦታው ከተማችን ፓቴሮስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለው መንገድ ላይ፣ የኔ የምግብ ጋሪ የሚቆምበት። ሰዓቱ ከምሽቱ አስራ ሁለት፣ የማርያም ደወል ሲደወል።

መጀመሪያ ግን የድሮውን...

ያኔ ኔስቶር ጎረምሳ ነበር። እናቱ እማማ ሴንያ እኔ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባሉት የሚባለውን ይበላሉ። ጫጩቱ ላባ ሊያወጣ ሲል የሚቀቀለውን የዳክዬ እንቁላል ማለቴ ነው። እኔ የዶሮ አንጀት እየጠበስኩ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር። የሰማሁት በቁርጥራጭ ነው።

«እማ፣ እዚሁ ጠብቂኝ። መጣሁ።»

«እንዴ፣ ሳትቀምስ?»

«ስመለስ አልኩሽ እኮ!»

ከዚያ እማማ ሴንያ የሆነ ነገር አሉ። ምን እንዳሉ ጠፋብኝ። የሻንጣ ጎማ ድንጋዩ ላይ ሲንገጫገጭ የሰማሁ ይመስለኛል።

ኔስቶር በዚያው ጃፓን ሄደ። ለቅሷቸውን ላለማየት ብሎ።

እሳቸው ግን ከሰሌ አመድ እስኪሆን ጠበቁት። የሱን እንቁላል እንዳይበርድ በመሀረብ ጠቅልለው ጉያቸው ይዘውለት ነበር።

ዓመታት አለፉ። ይደውላል፤ አይመጣም። የመጣው ሲሞቱ ነው።

እኛ ዘንድ አስከሬን ካለበት ለቅሶ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቤት አይገባም። ሟቹ ተከትሎ እንዳይመጣ መንገድ ላይ አረፍ ብለህ ታራግፈዋለህ። የሰፈሩ ሰው የሚያራግፈው እኔ ጋ ነው። አንጀቱን በኮምጣጤ እያጠቀሰ ይበላል፣ ያወራል፣ ይሄዳል።

ሲሄድ ግን ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። የሞተ ሰው አይሰናበቱትም፤ ቀጠሮም አይሰጡትም።

ኔስቶር ከለቅሶው ወጥቶ መጣ። ምንም አልበላም። ያችን በርጩማ ሲያያት ቆየ። ሊሄድ ሲል ጎንበስ አለና በሹክሹክታ...

«እማ... እዚሁ ጠብቂኝ። መጣሁ።»

ማራገቢያዬ እጄ ላይ ቀረ።

ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ግን ያለቀሰን ሰው ምን ትለዋለህ? ተውኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ተቀበሩ። በማግስቱ ደወሉ ሲደወል ዞር ብል በርጩማዋ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ተደፍቷል። አናቱ ላይ ቁንጥር ጨው።

ቅርፊቱን እንዲህ ደፍተው ጨው ጣል የሚያደርጉት እማማ ሴንያ ብቻ ነበሩ።

መንገደኛ ነው አልኩ።

በሌላው ቀን በርጩማዎቹን ደራርቤ አስሬያቸው ሳለ ያቺ ብቻ ተፈትታ ቦታዋ ላይ ቆማ አገኘኋት... እማማ ሴንያ ለጉልበታቸው የሚቀቡት ቅባት፣ ያ የካምፎር ሽታ፣ ከጢሱ በላይ ይሸታል። አንጀት ስትለምነኝ የምትውለው ድመት በዚያ በኩል ማለፍ ተወች።

ከዚያ ድምፁ ጀመረ።

ኳ ኳ... ኳ።

እማማ ሴንያ እንቁላል ሲሰብሩ እንደዚያ ነበር የሚያንኳኩት። ሁለቴ፣ ትንፋሽ ወስደው አንዴ።

ኔስቶር ወደ ጃፓን ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ባጃጅ የሚነዳውን ቤኒንግን ላክሁበት።

«ይኸው አመጣሁልሽ፣ እትዬ ኦፌልያ!» አለ ቤኒንግ ገና ከሩቅ። «የኦሳካው ጌታ ባሉት ይፈራል አሉ!»

«ማን? እኔ?» ኔስቶር ሳቀ። «እዚያ በሊጥ የተድቦለቦለ ኦክቶፐስ እየጠበስኩ የምኖር ሰው! ጭንቅላቷ ውስጥ እንቁላል የተወተፈባትን ትንሿን ኦክቶፐስ እንኳ ከነዓይኗ በልቻለሁ።»

«እና ይህችን ዋጣታ!» አለ ቤኒንግ ወደ እንቁላሉ ቅርጫት እያመለከተ።

«ይህችኛዋ... ይህችኛዋ ትለያለች።»

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። በርጩማዋን አየ። ዛሬም የተደፋውን ቅርፊት አየ።

«ኔስቶር፣ ልጄ፣ ከለቅሶው የወጣህ ቀን እዚህ ምን ብለህ ሄድክ?»

«ምን አልኩ?»

«ጠብቂኝ አልካቸው።»

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁህ። ያኔም፣ አሁንም።»

«እትዬ፣ አፌ ላይ መጣልኝ እንጂ...»

«አንተ አፍህ ላይ ነው የመጣልህ። እሳቸው ግን ይጠብቃሉ። ታውቃቸዋለህ።»

«ነገ እበራለሁ እኮ!»

«ለዚያ ነው ያስጠራሁህ። አንተ ከበረርክ እዚህ መቅረታቸው ነው።»

ደወሉ ተደወለ። ቤኒንግ ቆቡን አወለቀ። እኔም አማተብኩ።

ኳ ኳ... ኳ።

ሦስታችንም ወደ በርጩማዋ ዞርን። ማንም የለም።

ድምፁ ከዚያ አልነበረም።

ከቅርጫቱ ነው።

ጨርቁን ገለጥኩ። እንቁላሎቹ ጸጥ ብለው ተደርድረዋል። አንዷ ብቻ ትነቃነቃለች። አነሳኋት። ከነሙቀቷ መዳፌ ውስጥ...

ኳ።

«የተቀቀለች ናት?» ቤኒንግ አንሾካሾከ።

«ቀትር ላይ ነው የቀቀልኳት።»

«ታዲያ...»

«ዝም በል።»

ኔስቶር ተነሳ። ባጃጁን አየ። መንገዱን አየ። እግሩ ለመሄድ ተሰናድቶ ነበር፤ ያንን አካሄዱን አውቀዋለሁ።

ግን አልሄደም።

«እትዬ... ያን ጊዜ ስሄድ፣ መጨረሻ ላይ እማ ምን ነበር ያለችኝ? ሻንጣዬን እየጎተትኩ ነበር። አልሰማኋትም።»

ያን ሁሉ ዓመት የጠፋብኝ ቃል ያኔ መጣልኝ።

«ሳትበላ አትሂድ ነው ያሉህ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ከበርጩማዋ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለና እጁን ዘረጋ። እንቁላሏን አስቀመጥኩለት። መዳፉ ላይ እንዳረፈች አንኳኳች። ሁለቴ... ከዚያ አንዴ።

«እሺ እማ» አለ። «እበላለሁ። በልቼ ነው የምሄደው።»

ጨውም አቀበልኩት።

በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫፏን ቀስ እያለ መፈልፈል ጀመረ...

ከውስጥም፣ በዚያው ጫፍ በኩል፣ እየፈለፈሉ ነበር።