የጥላው ዋጋ

«ዓይንህ የት ነበር?»

«ስፖኪዮው ላይ ነበር፣ እትዬ።»

«ስፖኪዮው ላይ ከነበረ ይህን የሚያህል ዳስ እንዴት አላየህም? መርፌ አይደል እንዳይታይህ።»

እናትየው የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ መንጭቃ አወረደችና መልሳ አንጠለጠለችው። ስትናደድ የምታደርገው ነው። ሾፌሩ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ከጀርባው ዕቃ ማድረሻዋ ነጭ መኪና በግማሽ ጎኗ ግቢው ውስጥ ናት። ወደ ኋላ ስትገባ የወይኑን ዳስ ምሰሶ መታችው፤ ዳሱ ተናደ፤ ሐረጉም ከነቅጠሉ ጣሪያዋ ላይ ወደቀ። ላያት ሰው አረንጓዴ ብርድ ልብስ ተከናንባ የተኛች ትመስላለች።

ልጅቷ ከመኪናዋ ጎን ቆማለች። ክርክሩን ትሰማለች፤ ግን ውኃ ውስጥ ያለች ይመስል ድምፁ የሚደርሳት ከሩቅ ነው። ትምህርት ቤት ጓደኞቿ «ኔትወርክ» ይሏታል። አስተማሪ ጠይቋት ዝም ስትል ከኋላ ወንበር አንዱ «ትንሽ ይጠብቋት ቲቸር፣ ኔትወርክ የለም» ይላል። ክፍሉ ይስቃል። እሷም ዘግይታ ትስቃለች።

ዛሬ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ወይኑን የተከሉት አያቷ ናቸው። ቤቱ ጨለማ ስለሆነ እናቷ የምትሰፋው ከዳሱ ሥር ነው። ለልክ የሚመጡ ደንበኞች በቅጠሎቹ መሃል የሚንጠባጠበው ብርሃን ልብሳቸው ላይ ሲወዛወዝ እያዩ፣ «እዚህ ያማረብኝ ልብስ ቤቴ ስገባ ምን እንደሚነካው አላውቅም» ይላሉ። አሁን ፀሐይ እንዳሻት መሬቱ ላይ ተዘርግታለች። አያቷ ግን ወንበራቸውን አላነሱም። ጥላው እንዳለ ሁሉ፣ እግራቸውን ወደ በሩ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አባዬ፣ ፀሐይ አናትዎን መታዎት እኮ። ይግቡ እንጂ» አለች እናትየው።

«ተይኝ ልጄ። ጥላው ድንገት ቢመለስ ቦታዬን ሰው እንዳይዝብኝ ነው።»

ሾፌሩ ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታውን ዋጠው። ከዚያ ልጅቷን ሰረቅ አድርጎ አያትና ዓይኑን መለሰ። ቅድምም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ለምን እንደሚያያት ታውቃለች።

ሾፌሩ ያመጣው እናቷ ስንት ወር የጠበቀችውን አዲስ የስፌት ማሽን ነው። ጥሩንባው ሲሰማ እናቷ ቦታ ልታመቻች ወደ ቤት እየሮጠች፣ «አንቺ፣ ውጪና መኪናውን አስገቢ። በሩን እንዳይጭርብን» አለቻት። ልጅቷ ከመኪናዋ ኋላ ቆማ እጇን እያወዛወዘች «ና፣ ና፣ ና» ማለት ጀመረች። ያኔ ነው የኋላውን መስታወት ያየችው።

ግቢው በሙሉ መስታወቱ ውስጥ ገብቷል። ቅጠሉ፣ ብርሃኑ፣ የአያቷ ነጭ ባርኔጣ፣ ሁሉም። መሃሉ ላይ አንዲት ልጅ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። መኪናዋ በቀረበች ቁጥር ያቺ ልጅ እያደገች፣ ግቢዋም እየሰፋ መጣ። ከዚያኛው ግቢ የተነሳ ነፋስ ፊቷን የዳሰሳት መሰላት። አፏ «ና» ይላል፤ ልቧ ግን ሾፌሩን ረስቶታል። ወደዚያ ወይን ሥር ለመግባት አንድ እርምጃ ብቻ የቀራት መሰላት። የነቃችው ምሰሶው ቀጭ ሲል ነው።

ሾፌሩ የደወለለት የድርጅቱ ተቆጣጣሪ በሞተር መጣ። ሄልሜቱን ሳያወልቅ ግቢውን ዞረ፤ የተሰበሩትን ምሰሶዎች በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው።

«ምሰሶ፣ ሽቦ፣ የአናጢ ጉልበት» አለ። «ይኼ ይካሳል፣ እትዬ። ችግር የለውም።»

«ጥላውስ?»

«የምን ጥላ?»

«ወይኑ እስኪያገግም የት ተቀምጬ ልስፋ? እዚያ ጨለማ ውስጥ በዳበሳ ክር ላስገባ?»

«እትዬ፣ ጥላን እኔ በምን እለካዋለሁ?»

እናትየው የሜትሩን ጫፍ አነሳችለት። «ከቸገረህ ላውስህ።»

አያትየው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሳቁ። ተቆጣጣሪው አልሳቀም።

«እሱም ይታሰባል። ግን አንድ ነገር ልወቅ» ብሎ ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ማን ነው ያስገባህ?»

አንድ የወይን ቅጠል ከመኪናዋ ጣሪያ ተንሸራትቶ ወረደ። ልጅቷ መሬት እስኪነካ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

«ማንም። ብቻዬን ነው የገባሁት» አለ ሾፌሩ።

«ብቻህን? ያለ ሰው ወደ ኋላ አይነዳም ተብሎ ስንቴ ተነግሮሃል? የቤቱ ሰው አስገብቶህ ቢሆን ድርጅቱ ግማሹን ይከፍላል፤ ግማሹን እነሱ ይችላሉ፤ አንተም ሥራህ ላይ ትቆያለህ። ብቻህን ከገባህ ግን ሙሉውን ከደመወዝህ ነው። ማስጠንቀቂያም አለብህ። ከእንግዲህ ይኼን መሪ የምትይዝ አይመስለኝም።»

ሾፌሩ ኮፍያውን በእጁ ላይ አገላበጠው። «ይሁን» አለ።

ልጅቷ እናቷን አየቻት። እናቷም አየቻት። እናትየው አንድ ነገር ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የተናደውን ዳስ አየች፤ ፀሐይ ላይ የተቀመጡትን አባቷን አየች፤ አፏንም መልሳ ዘጋች። ሜትሯን መጠቅለል ጀመረች። ጠቅልላ ስትጨርስ ፈታችውና እንደገና ጠቀለለችው። አያትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወረቀቱን ሞልቼ እመጣለሁ። ትፈርማለህ» ብሎ ተቆጣጣሪው ወደ ሞተሩ ወጣ።

ማሽኑን ለማውረድ መጀመሪያ ሐረጉ ከመኪናዋ ላይ መነሳት ነበረበት። ሾፌሩ አንዱን ጫፍ፣ ልጅቷ ሌላውን ይዘው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው ቀስ ብለው አነሱት። ቅጠሎቹ ፊቷ ላይ ሲያልፉ ዓለም ለአፍታ አረንጓዴ ሆነ።

«ለምን አልተናገሩም፣ ጋሼ?» አለች ከቅጠሉ መሃል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን ብዬ?»

«ና ያልኩዎት እኔ ነኛ።»

«አንቺ ና ብለሻል። ፍሬኑ ግን የእኔ እግር ሥር ነው ያለው።» ሐረጉን አጥሩ ላይ አስደግፎ በገመድ ማሰር ጀመረ። «ደግሞ በስፖኪዮ አይቼሻለሁ። ፈዘሽ ነበር። የሚያስገባሽ ሰው ከፈዘዘ ይቆማል እንጂ አይነዳም።»

«ታዲያ ለምን አልቆሙም?»

ሾፌሩ ቋጠሮውን አጠበቀ።

«እኔም ወይኑን እያየሁ ነበራ» አለ በመጨረሻ። «ቀኑን ሙሉ የማየው አስፋልትና የተዘጋ የሰው በር ነው። እዚህ ጥላ ውስጥ ስገባ፣ እንጃ፣ ትንሽ ኔትወርክ ጠፋብኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ይህን ነገር ስለ ራሱ የሚናገር ሰው ሰምታ አታውቅም።

«ሥሩ አልተነካም፤ ይመለሳል» አለ ሾፌሩ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እናቷን ለመጥራት ሄደ።

ሁለቱ ካርቶኑን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ቤት ገቡ። «ቀስ፣ ደፉን እንዳትረሳው።» «እሺ፣ እትዬ።» «በአንተ በኩል አንሳው፣ የኔ ወንድም።» ከባድ ዕቃ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች መጣላት አይችሉም።

ልጅቷ ግቢው መሃል ቀረች። በክፍቱ በር ተቆጣጣሪው ይታያል፤ ወረቀቱን የሞተሩ ወንበር ላይ አድርጎ ይጽፋል። የዳስ ግማሽ ምን ይመስል ይሆን ብላ አሰበች። ምናልባት አያቷን ያስጠልላል፤ እናቷን ግን ከነማሽኗ ፀሐይ ላይ ይተዋታል። የመኪናዋን መስታወት አየችው። ሰማይ ብቻ ነው ያለው፤ ከሰማዩ ሥር አንዲት ልጅ ቆማለች። እጇን አታወዛውዝም።

ወደ በሩ ተራመደች። መንገዷ ላይ የአያቷ እግር ተዘርግቷል። ልትዘለው ስትል፣ አያቷ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፏት።

ከውስጥ አዲሱ ማሽን አንጎራጎረ፤ እናቷ እየሞከረችው ነው። ድንገት ቆመ። ማሽኑ የተቀመጠው መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ የግቢውን በር ያሳያል። ልጅቷ አልዞረችም። የጠራት ሰው የለም።

ማሽኑ ቀጠለ። እሷ ከደጅ ወጥታ ተቆጣጣሪው ፊት ቆማ ነበር።