ቀይ ቀለም የደረሰበት ከፍታ

ሟቹ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል፣ ሐዲዱ ዝቅ በሚልበት ቦታ በጎኑ ወድቋል። የቀለም ብሩሹ ከእጁ አልወጣም። የገጨው የሮለር ኮስተር ባቡር እዚያው ዝቅታ ላይ ባዶውን ቆሟል።

መርማሪዋ ከጠዋት ጀምሮ የሰማችው መልስ አንድ ነው፦ በራሱ ወረደ። መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ባቡሩን ሽቅብ የሚስበው ሞተር አልሠራም። ክራንች የተደገፉት የመዝናኛው ባለቤት ይህንኑ ይደጋግማሉ፤ የልጃቸው ባል፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ያጸናላቸዋል። እንደ እነርሱ ቃል ባቡሩ ያደረው በረጅሙ ጉብታ ጫፍ ላይ ነው፤ መያዣውን ሳታጠብቅ የሄደችውም ባቡሩን የምታንቀሳቅሰው ሠራተኛ ናት። እርሷ የሟቹ እህት ናት። ወንድሟን በቸልተኝነት ገድላለች ተብላ ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። መብራት ሲጠፋ ባቡሩን፣ ለጫፉ ሁለት ክንድ ሲቀረው፣ አጭሩ ጉብታ ላይ ያለው ፍሬን ይዞ እንዳስቀረው ብትናገርም ሰሚ አላገኘችም።

«በዓይኑ ያየ ማን ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ልጄ፣ ማየት ምን ያደርጋል? እሱ ነገረኝ» አሉ ባለቤቱ ወደ ልጃቸው ባል እየጠቆሙ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ለራሷ፤ በንዴት ትታቸው በሐዲዱ ዳር ያለውን ደረጃ ወጣች።

ሟቹ ዝቅታው ላይ የቀባው ቀይ ቀለም አልደረቀም። መንኮራኩሮቹ ረግጠውት በሁለቱም ቁልቁለቶች ላይ አሻራ ትተዋል። በረጅሙ ጉብታ በኩል ያለው እስከ ጉብታው ወገብ ይደርሳል፤ በአጭሩ በኩል ያለው ከዚያ ያንሳል። የአጭሩ ጉብታ ፍሬን ጓጉንቸር ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ ሁለት እንደሆነ፣ አንዱ በሟቹ፣ ሌላው በሥራ አስኪያጁ ዘንድ እንደሚቀመጥ ባለቤቱ ነግረዋታል። ወርዳ የሟቹን ኪስ ፈተሸች፤ የእርሱ አለ።

ሠራተኛዋን አስመጥታ ከባለቤቱና ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሦስቱንም ከባቡሩ አጠገብ አቆመቻቸው።

«ባቡር ሲወጣ ከፍታውን እንደ ስንቅ ይቋጥራል። እምቅ ጉልበት የሚሉት ይህን ነው። ሲወርድ ስንቁ ፍጥነት ይሆናል፤ ዳግም ሲወጣ ፍጥነቱ ከፍታ ይሆናል። ፍትጊያው በየመንገዱ ይቀንስበታል እንጂ የሚጨምርለት የለም። ከረጅሙ ቢነሣ ኖሮ አጭሩን ተሻግሮ መሳፈሪያው ይገባ ነበር» አለች።

«ሰውዬውን ሲገጭ ቆሞ ይሆናላ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይህን የሚያህል ብረት በአንድ ሰው ገላ አይቆምም። ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ቆየ፤ የሚወዛወዝ ነገር ደግሞ በየምልልሱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከሁሉ ከፍ ያለው አሻራ የመጀመሪያው ነው። እርሱም በረጅሙ በኩል ነው። ባቡሩ የመጣው ከአጭሩ ነው።»

ባለቤቱ ወደ ልጃቸው ባል ዞሩ።

«ሟቹ ጓጉንቸሩን አምኖ እታች ይቀባ ነበር» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ክራንች ይዘው ያን ደረጃ አይወጡም። እህቱ ቁልፍ የላትም።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መሳፈሪያው ጠቆመ። «ለነገ እንግዶች መሳፈሪያው ላይ እንዲቆም ፈልጌ ነው። ሰውዬው መብራት እስኪመጣ ጠብቅ እያለ አሰለቸኝ። ወደ ፊት የሚሄድ መስሎኝ ፍሬኑን ለቀቅኩት…»

«ለጫፉ ሁለት ክንድ ቀርቶት ነበር» አለች መርማሪዋ። « ወደ ኋላ እንጂ የት ይሄዳል?»

«እታች መኖሩን አላየሁም።»

«እሺ፣ እርሱን አላዩትም። እህቱን ፖሊስ መኪና ውስጥ ሲያስገቧትስ?»

ባለቤቱ የሟቹን እህት ሊያባብሏት ጠጋ አሉ፤ «ልጄ» ብለው ጀመሩ። እርሷ ወደ ሐዲዱ ተመለከተች።

«መጀመሪያ ብሩሹን ከእጁ ውሰዱለት» አለች።